የውሃ ግርጌ ልኬታ፦ ከገላባት መንገድ እስከ ሰው አልባ ጀልባ

የገላባት ስም በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲነሣ፣ ቀድሞ በተማሪው አእምሮ የሚመጣው የመተማ ጦርነት ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በዚያ ስፍራ በመሆኑ፣ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከዚያም ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 መጨረሻ፣ የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች ከፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ጋር የተዋጉት በዚሁ ቦታ ነበር። ገላባት በሱዳን በኩል፣ መተማ በኢትዮጵያ በኩል፣ በመካከላቸው ከአንድ ፈፋ በቀር ሌላ የሚለያቸው ሳይኖር፣ የጦርና የንግድ በር ሆነው ኖረዋል። ከገዳሪፍ ወደ ጎንደር የሚወስደው የነጋዴ መንገድ የሚያልፈው በእነርሱ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ አካባቢ ታሪክ በጦርና በንግድ ብቻ አያበቃም። ሌላም ታሪክ አለው፤ እርሱም የውሃና የአፈር ታሪክ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከጭልጋና ከአካባቢው ደጋ የሚታጠበው አፈር በጓንግ ወንዝ ተጭኖ ድንበር ይሻገራል፤ ይለፍ አይጠየቅም፣ ቀረጥም አይከፍልም። ሄዶ ሄዶ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ የግድቦች ግርጌ ነው። ለመሆኑ በውሃ ግርጌ የተቀመጠውን ነገር ማን ያየዋል? መጠኑስ እንዴት ይታወቃል? በዛሬው ዘመን በዓለም ባሕሮች ላይ ሰው ሳይሳፈርባቸው የሚንቀሳቀሱ ጀልባዎች የባሕርን ወለል እየለኩ ካርታ ያነሣሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የውሃ ግርጌ ልኬታ ከገመድ ተነሥቶ እዚህ ደረጃ እንዴት እንደደረሰ፣ በእኛ ወንዞችና ሐይቆች ላይ የተደረገውን ልኬታ ማን እንዳከናወነውና ለምን እንዳከናወነው፣ ከእንግዲህስ ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በታች የተመለከቱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድንበር ሲሻገር ስሙን የሚለውጥ ወንዝ

ከጎንደር በስተ ምዕራብ የሚነሣው ጓንግ በመተማ አካባቢ አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። በዚያም አንገረብንና ተከዜን ይቀበላል፤ ተከዜም በበኩሉ ድንበሩን ሲቃረብ ሰቲት ተብሏል። አትባራ በበጋ ይደርቅና በየጎድጓዳው ኩሬ ብቻ ይቀራል። በክረምት ደግሞ ድልድይ የሚያፈርስ ኃይል ይሆናል።

ይህን ጠባዩን በጽሑፍ ካሳወቁት የውጭ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነበር። ቤከር በሰኔ 1861 በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ደረቅ የነበረው አሸዋ በአንድ ሌሊት ወደ ታላቅ ወንዝ ሲለወጥ ተመለከተ። በሚቀጥለው ዓመት በገላባት በኩል አለፈ። ከምዕራብ የመጡ የተክሩር ተወላጆች የሰፈሩበትንና የሐበሻ ቡናና ሰም የሚሸጥበትን ገበያም አየ። ቤከር ከጉዞው የደረሰበት መደምደሚያ የሚከተለው ነው፦ የግብፅን እርሻ በየዓመቱ የሚያለብሰው ጥቁር ደለል የሚመጣው ከነጭ ዓባይ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በአትባራ ነው። መደምደሚያው በመሠረቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ቤከር አየ እንጂ አልለካም። በዓይን ማየትና በቁጥር ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተማሪዎች ከዚህ ላይ ልብ ሊሉት ይገባል።

ቁጥር የተፈለገው የፖለቲካ ጉዳይ በሆነ ጊዜ ነው። እንግሊዝ ግብፅንና ሱዳንን ከያዘች በኋላ የዓባይ ውሃ ለጥጥ እርሻ የሚያስገኘው ጥቅም በሰፊው ይጠና ጀመር። ግንቦት 15 ቀን 1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ወሰነ። ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚል ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ከ1902 እስከ 1903 ባለው የበጋ ወራት፣ ዱፑይ የተባለው መሐንዲስ ጣናንና የምሥራቅ ሱዳንን ወንዞች እንዲያጠና ተላከ። ሪፖርቱም በ1904 የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ላይኛው ናይል ካሳተመው ትልቅ ጥናት ጋር ወጣ።

ከዱፑይ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች በ1920 እና በ1921 በጣና ላይ ጥናት አደረጉ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ከ1925 ጀምሮ ለዓመታት የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየተዘዋወረ ካርታ አነሣ። የሁሉም ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፦ በጣና መውጫ ላይ ግድብ ቢሠራ ምን ያህል ውሃ ይጠራቀማል?

የኢትዮጵያ መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ዘመን፣ በ1927፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ከኒው ዮርኩ የጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ኩባንያውም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ መንግሥት በጣና ላይ ቅየሳ አካሄደ። ይህ እርምጃ አገሪቱ በራሷ ወገን የተያዘ ቁጥር ሳይኖራት ለድርድር መቀመጥ እንደማይበጃት የዚያ ዘመን ሰዎች ተረድተውት እንደነበር ያመለክታል።

ገመድና እርሳስ

ለብዙ ሺህ ዓመታት የሰው ልጅ የውሃን ጥልቀት የለካው በአንድ ዘዴ ነው። በገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ ወይም እርሳስ ይታሰራል፤ ገመዱ በየክንዱ ምልክት ይደረግበታል፤ ከጀልባ ላይ ይለቀቃል፤ መሬት ሲነካ ምልክቱ ይቆጠራል። የጣና ታንከኞች በረጅም መቅዘፊያ እንጨታቸው የሐይቁን ዳር ጥልቀት የሚያውቁበት መንገድም የዚሁ ዘመድ ነው።

ዘዴው ቀላል ቢሆንም ጉድለት አለው። ገመዱ በማዕበልና በነፋስ ይዘምማል፤ ሲዘምም ደግሞ ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳያል። እርሳሱ ለስላሳ ደለል ውስጥ ይሰምጣል። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ልኬታ የሚናገረው ስለ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ጉብታና ጉድጓድ አያሳይም። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 የዓለምን ባሕሮች ስትዞር ያደረገቻቸው የጥልቅ ባሕር ልኬታዎች 500 እንኳን አልሞሉም። በ1875 በሰላማዊ ውቅያኖስ ከ8,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አገኘች፤ ለአንዱ ልኬታ ብቻ ሰዓታት ይፈጅ ነበር።

የገመድና የግምት ዘመን በእኛም ሐይቅ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ትቶ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የታተመ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ ጣና በአንዳንድ ስፍራ 250 ጫማ ይጠልቃል ይል ነበር። ይህም 76 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ሐይቁን አጥንተው የግርጌውን ካርታ ሲያወጡ እውነቱ ተገለጠ። ከዚያም ወዲህ የተደረጉት ልኬታዎች ያረጋገጡት፣ ጣና ከሁሉ በሚጠልቅበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ እንደ ምጣድ የተዘረጋ እንጂ እንደ ማሰሮ የጎደጎደ አይደለም። በ76 ሜትርና በ14 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት የአንድን አገር የውሃ ሀብት ግምት ከሥር እስከ ላይ የሚለውጥ ነው።

የገደል ማሚቶ በውሃ ውስጥ

ሕፃናት ከገደል ፊት ቆመው ሲጮሁ ድምፃቸው ተመልሶ ይሰማቸዋል። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ዘግይቶ ይመለሳል። ዘመናዊው የውሃ ግርጌ ልኬታ የቆመው በዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ከጀልባው ሥር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ከግርጌው ላይ ነጥሮ ሲመለስ የወሰደውን ጊዜ ይመዘግባል። ድምፅ በጣፋጭ ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ ይበልጣል።

ለምሳሌ ያህል ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 0.02 ሴኮንድ ቢወስድ፣ 1,480 በ0.02 ሲባዛ 29.6 ሜትር ይሆናል። ይህ የደርሶ መልስ መንገድ ስለሆነ ለሁለት ሲካፈል ጥልቀቱ 14.8 ሜትር መሆኑ ይታወቃል። የፊዚክስ መምህር ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሠራው ይችላል፤ የጂኦግራፊ መምህርም ካርታውን ከዚያ ይቀጥላል።

ሜቴዮር የተባለችው የጀርመን መርከብ ከ1925 እስከ 1927 በደቡብ አትላንቲክ ስትመላለስ በዚህ ዘዴ 67,000 ያህል ልኬታዎችን አደረገች። ይህን ከቻሌንጀር 500 ከማይሞሉ ልኬታዎች ጋር ማወዳደር የለውጡን ስፋት ለመረዳት ይበቃል። በኋላም አንድ ጨረር ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ብዙ የድምፅ ጨረሮችን በአንድ ጊዜ የሚልክ መሣሪያ ተሠራ፤ መርከቧ ባለፈችበት ሁሉ የግርጌውን ሰፊ ሰቅ እየጠረገች ትለካለች።

ይህ ዘዴ ወደ ጣናም ደርሷል። በ2006 በገደል ማሚቶ መሣሪያና በሳተላይት ቦታን በሚያመለክት መሣሪያ ከ4,000 በላይ ነጥቦች ተለክተው አዲስ የግርጌ ካርታ ወጣ። በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የበለጠ አስገራሚ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎቹ ደለሉን ዘልቆ የሚገባ ድምፅ ልከው፣ ከሐይቁ ግርጌም ጭቃ በቱቦ አውጥተው ሲመረምሩ፣ ጣና ከ16,000 ዓመት በፊት በነበረው የድርቅ ዘመን ደርቆ እንደነበረና ከ15,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ ደረሱበት። የታሪክ መምህር የጽሑፍ ማስረጃ ከማይደርስበት ዘመን የመጣ መዝገብ በሐይቅ ግርጌ ተጽፎ እንደሚገኝ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከቅርብ አያገኝም።

የደለል ሂሳብ በሱዳን ግድቦች

እንግዲህ ወደ ጓንግ እንመለስ። የግብፅ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን መኖሪያ በውሃ ተዋጠ። ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችም ከናይል ዳር ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን፣ ወደ አዲስ ሐልፋ፣ እንዲሰፍሩ ተደረገ። እርሻቸውን የሚያጠጣ ግድብም በ1964 በአትባራ ላይ ኻሽም ኤል ጊርባ በተባለው ቦታ ተሠራ። የሚይዘው ውሃ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲሆን ነበር የታሰበው።

ነገር ግን ወንዙ ይዞት የሚመጣው ውሃ ብቻ አልነበረም። የደለሉ ልኬታ በተደጋገመ ቁጥር የሐይቁ ሆድ እየጠበበ መሄዱ ታየ። በጥቂት አሥር ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በደለል ተሞላ። በዚህም ምክንያት በክረምቱ ሙላት ወራት የግድቡን በሮች ከፍቶ ደለሉን የማጠብ ልማድ ተጀመረ። ማጠቡ ግን የተጠራቀመውን ውሃ ለጥቂት ቀናት ጨርሶ መልቀቅ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቀዬአቸውን በውሃ ያጡ ሰዎች፣ ሁለተኛ ጊዜ ውሃቸውን በአፈር ሊያጡ ተቃረቡ ማለት ነው። በላይኛው ተፋሰስ አንድ ገበሬ ተዳፋት ማሳውን ሲያርስ ያጣው አፈርና በታችኛው ተፋሰስ ሌላው ገበሬ ያጣው ውሃ አንድ ሂሳብ ናቸው፤ ሁለቱ ገበሬዎች ግን ተያይተው አያውቁም።

በዓባይ ላይ በ1966 የተሠራው የሮዜሬስ ግድብም ከዚህ አላመለጠም። መጀመሪያ ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዝ የነበረው ይህ ግድብ፣ በ2007 በተደረገው ልኬታ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ሆዱን ለደለል ማስረከቡ ታወቀ። በኋላ ግድቡን ከፍ ለማድረግ የተሠራው ሥራ በ2013 ተጠናቀቀ። በሰቲትና በላይኛው አትባራ የተሠሩት መንትያ ግድቦችም በ2017 ተመርቀዋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የሱዳን መሐንዲሶች ግድቦቻቸውን በየጊዜው ስለለኩ ነው የጠፋውን ያወቁት፤ ስላወቁም ነው መድኃኒት የፈለጉት። እኛ ዘንድ ግን አፈሩ ከማሳ ሲሄድ በቶን ተገምቶ ይነገራል እንጂ፣ ያረፈበት ቦታ ከድንበር ማዶ ስለነበረ በእጃችን ለክተን አላየነውም። የደጋችን መራቆት መዝገብ በጎረቤት ግድብ ግርጌ ተቀምጦ ኖረ ማለት ነው።

ይህ ሲባል በአገራችን ምንም አልተለካም ማለት አይደለም። በ1960 በአዋሽ ላይ የተመረቀው የቆቃ ግድብ በአርባ ዓመታት ውስጥ ከሩብ በላይ የሚሆነው ሆዱ በደለል እንደተያዘ በልኬታ ተረጋግጧል። ከ1958 እስከ 1964 በአሜሪካውያንና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናትም ለብዙ ዘመን ሲጠቀስ የኖረ ሥራ ነው። ጉድለቱ ያለው ልኬታው በየጊዜው አለመደጋገሙ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተለካ ነገር ፎቶግራፍ ነው፤ በየጊዜው የተለካ ግን ታሪክ ነው።

ሰው የሌለበት ጀልባ

ልኬታን በየጊዜው መደጋገም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከባድ ወጪ ነበር። ጀልባ፣ ነዳጅ፣ ባለሙያና የብዙ ሳምንት ሥራ ይጠይቃል። ሰው አልባ ጀልባ የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት ከዚህ ይነሣል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ጀልባው ላይ የገደል ማሚቶ መሣሪያ፣ ቦታን ከሳተላይት የሚቀበል መሣሪያ፣ ባትሪና ሬዲዮ ይገጠማሉ። ባለሙያው ጀልባው የሚሄድባቸውን መስመሮች፣ ገበሬ ትልሞቹን እንደሚያስተካክል ሁሉ፣ አስቀድሞ በካርታ ላይ ያሰምራል። ጀልባው በመስመሮቹ ላይ እየተመላለሰ ቦታውንና ጥልቀቱን አንድ ላይ ይመዘግባል። ባለሙያው ዳር ላይ ተቀምጦ ይከታተላል፤ ችግር ከመጣም በሬዲዮ ይመልሰዋል። ትንሹ ዓይነት ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። ትልቁ ዓይነት ግን ውቅያኖስ ያቋርጣል።

የትልቁን ዓይነት ችሎታ ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። በጥር 2022 በሰላማዊ ውቅያኖስ በቶንጋ ደሴቶች አጠገብ ከባሕር ሥር ያለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የፈነዳውን ጉድጓድ መለካት አስፈላጊ ነበር፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ሰው የተሳፈረባትን መርከብ መላክ ለሕይወት የሚያሰጋ ሆነ። በዚያው ዓመት ማክስሊመር የምትባል 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ሰው አልባ ጀልባ ወደ ስፍራው ተወሰደች። የሚመሯት ሰዎች ግን የተቀመጡት 16,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በእንግሊዝ አገር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ጀልባዋም ጉድጓዱ ወደ 850 ሜትር የሚጠልቅ መሆኑን ለክታ አሳወቀች።

ለመምህራን ግን ከጀልባዋ የበለጠ የሚያስተምረው ከኋላዋ ያለው ሥልጠና ነው። ማክስሊመር በ2019 በዓለም አቀፍ ውድድር አንደኛ ለወጣ ቡድን መሣሪያ ሆና ያገለገለች ነበረች። የቡድኑ አባላትም ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ወለል ካርታ አነሣስ የተማሩ፣ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ሠልጣኞች ነበሩ። መሣሪያው የመጣው ከሥልጠናው በኋላ ነው። የዓለምን ባሕር ወለል እስከ 2030 ለክቶ ለመጨረስ የተጀመረው ሥራም ገና መንገድ ላይ ነው፤ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው ከ27 በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

እንደ ጣና ላለ ሐይቅ ትንሹ ጀልባ ይስማማል። የዳርቻው ውሃ ጥልቀት ስለሌለው ትልቅ ጀልባ መሬት ይነካል፤ በደንገሉ መካከልም ጉማሬ አለ። ሰው ሊገባበት የማይደፍረውን ቦታ ትንሿ ጀልባ ትደፍረዋለች፤ ብትገለበጥም የጠፋው ዕቃ ነው እንጂ ሕይወት አይደለም።

ከርቀት የሚለካው ጀልባ ብቻም አይደለም። በ1992 የተወነጨፈው ቶፔክስ ፖሲዶን የተባለ ሳተላይት ከ1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ በራዳር የባሕርን ከፍታ ይለካ ነበር፤ በሐይቆች ላይ ሲያልፍም የእነርሱን ይመዘግባል። የዚህ ዓይነቱ የሳተላይት ልኬታ በባሕር ዳር ካለው የውሃ መለኪያ ንባብ ጋር እየተነጻጸረ በጣና ላይ ተፈትኗል።

መሣሪያው ብቻውን የማይችለው

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሁሉን ነገር ያውቃል ብሎ ማመን የተለመደ ስሕተት ነው።

አንደኛ፣ ሳተላይት የውሃውን ፊት እንጂ ግርጌውን አያይም። በጨረር ግርጌን የሚለኩ አሉ፤ ነገር ግን እነርሱ የሚሠሩት በጠራ ውሃ ላይ ነው። የጓንግንና የጣናን ድፍርስ ውሃ ዘልቀው አያዩም።

ሁለተኛ፣ ግርጌ ማለት ራሱ የሚያከራክር ነገር ነው። ቀጭን ድምፅ ከለስላሳው ደለል ፊት ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ደለሉን ዘልቆ ከጠጣሩ መሬት ይመለሳል። በእርሳስ የተለካው ጥንታዊ ቁጥር ደግሞ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የ1937ን ካርታ ከዛሬው ካርታ ጋር አነጻጽሮ ይህን ያህል ደለል ገብቷል ከማለት በፊት፣ ሁለቱም በምን እንደተለኩ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጥልቀት የሚለካው ከውሃው ፊት ነው፤ የውሃው ፊት ግን ከበጋ እስከ ክረምት ይለዋወጣል። በጣና ይህ ልዩነት በተለመደው ዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል። በየካቲት 9 ሜትር የተባለው ቦታ በመስከረም 10 ሜትር ተኩል ቢባል፣ ሐይቁ ጎደጎደ ማለት አይደለም። ስለዚህ ልኬታ ሁሉ የተደረገበት ቀንና የዚያ ቀን የውሃ ከፍታ፣ በዳር ላይ ካለ ቋሚ ምልክት ጋር ተያይዞ መጻፍ አለበት። የጥቂት ሳንቲ ሜትር ስሕተት ምን ያደርጋል የሚል ተማሪ ቢኖር፣ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብንሳሳት 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚሆን ራሱ አስልቶ ይድረስበት።

አራተኛ፣ ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረም የትንሿን ጀልባ መዘውር ይጠላልፋል፤ ድምፁንም ያውካል። አረሙን የሚያውቅ፣ ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ምክር ከመሣሪያው ጋር አብሮ መሄድ ይኖርበታል።

ተራው የእኛ ነው

ባለፉት ዓመታት አንድ ትልቅ ለውጥ መጥቷል። በተከዜ ላይ የተሠራው፣ ከ180 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ በ2009 ተመረቀ። በዓባይ ላይ በ2011 የተጀመረው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ተመርቋል። በዓባይ ተጭኖ ድንበር ይሻገር የነበረው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ይህ ደለል ከእንግዲህ አብዛኛው የሚቀረው በእኛው ሐይቅ ግርጌ ነው። ጓንግ ግን እንደ ወትሮው ደለሉን ይዞ በገላባት በኩል ይሻገራል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ትናንት በሮዜሬስ የነበረው ሂሳብ ዛሬ ወደ እኛ ቤት መጥቷል ማለት ነው። ግድቡ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቷል፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ግርጌው ነው። ግርጌው በየጊዜው ካልተለካ፣ ደለሉ ከየትኛው ገባር እንደበዛ፣ የትኛው ወረዳ እርከንና ዛፍ እንደሚሻ በግምት ብቻ እንናገራለን። ግምት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የ76 ሜትሩ ጣና አሳይቶናል። በዱፑይና በቺዝማን ዘመን የሌላ ሰው ጥያቄ የሌላ ሰው መልስ አግኝቶ ነበር። አሁን ጥያቄው የእኛ ነው፤ መልሱም በእኛ እጅ መጻፍ አለበት።

መልሱን ስንጽፍ ለብቻችን መያዝ የለብንም። ጓንግና አትባራ አንድ ወንዝ ናቸው፤ በላይ የተለካው ከታች ከተለካው ጋር ካልተያያዘ ግማሽ ታሪክ ነው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። ሰዎች በሚሰደዱበት ጊዜ መዝገብም ይበተናል፤ ልኬታም ይቋረጣል። የአንድ ዓመት ልኬታ ሲቀር የአንድ ዓመት ታሪክ ይጎድላል። ሰላም ለመዝገብም እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በክፍል ውስጥ ምን ይሠራ?

ሰው አልባ ጀልባ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት ማስተማር አይችልም የሚል ካለ ተሳስቷል። በማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ሊለመድ የሚገባውን አንድ ቀላል ልምምድ እናቀርባለን። ተማሪዎችን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ መውሰድ አያስፈልግም፤ አደጋም አለው።

አንድ ሰፊ ሳፋ ወይም የተቆረጠ በርሜል ይዘጋጅ። በግርጌው ላይ መምህሩ፣ ተማሪዎች ሳያዩ፣ ድንጋይና ጭቃ ደልድሎ ጉብታና ሸለቆ ይሥራ። ውሃ ይሞላበትና በአፈር ይደፍረስ። በላዩ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ የተበሳ ካርቶን ይከደን። ተማሪዎች በክር ላይ የታሰረ ብሎን በየቀዳዳው እያወረዱ ጥልቀቱን ይለኩ፤ በሠንጠረዥ ይመዝግቡ፤ እኩል ጥልቀት ያላቸውን ነጥቦች በመስመር አገናኝተው ካርታ ይሥሩ። አማካዩን ጥልቀት በስፋቱ አባዝተው ሳፋው የያዘውን ውሃ ያስሉ። ከዚያ መምህሩ ሁለት ጣሳ ጭቃ ይጨምርና፣ በማግሥቱ ሌላ ቡድን እንደገና ይለካ። የሁለቱ ካርታዎች ልዩነት የገባው ጭቃ ነው። ቁጥራቸው ሁለት ጣሳ ካልመጣ፣ ለምን እንዳልመጣ ይከራከሩ። ክሩ ዘምሞ ይሆን? ብሎኑ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ይሆን? የውሃው ከፍታስ ትናንትና እንደነበረው ነው?

ውሃው ተደፍቶ ግርጌው ሲታይ ተማሪዎቹ ካርታቸውን ከእውነቱ ጋር ያስተያያሉ። በጓንግና በዓባይ ላይ ግን ውሃውን ደፍቶ ማየት አይቻልም። እዚያ ያለን ማስረጃ መዝገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ቀኑን፣ የውሃውን ከፍታና የለካበትን መሣሪያ ሳይጽፍ የሚያስረክበውን ሠንጠረዥ፣ ቁጥሩ ያማረ እንኳን ቢሆን፣ መምህሩ መልሶ ሊሰጠው ይገባል።